214 ሺህ ዶላሩ 12 ሺህ ሆነ፤ "ባንኩስ ምን አጠፋ?"

የጥግ ቤት ጎረቤት፦
ትናንት ማታ የከተማችንን ኮሚሽን (ምክር ቤቱን ማለቴ ነው) ስብሰባ በኮምፒውተር ስከታተል አመሸሁ። ሚስቴ "ሰውዬ ተኛ፣ ነገ ሥራ አለህ" ብትለኝም እምቢ አልኩ። ያ አጠገቤ ያለው ባዶ ቤት፣ ባንክ በዕዳ ወስዶት የነበረው፣ ስንት ጊዜ የጻፍኩላችሁ፣ ተራው ደርሶ ነበር። 856 ቀን፣ በቀን 250 ዶላር፣ ጠቅላላ 214 ሺህ ዶላር ሊን፣ ማለትም ቤቱ ላይ የተመዘገበ የደንብ ቅጣት ዕዳ፣ ተጽፎበታል። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 12 ሺህ አደረጉትና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ። "ለምን?" ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። እኔ አምና ታርጋው ያለፈበት መኪና ግቢህ ውስጥ አቁመሃል ተብዬ አምስት ቀን ተቆጥሮብኝ 1,250 ዶላር ሙሉውን ከፍያለሁ። ይቀነስልኝ ብዬ ብሄድ "ማመልከቻ አለው፤ ለማመልከቻውም ክፍያ አለው" ተባልኩ። ታምፓ አካባቢ ያላችሁ፣ የናንተም ከተማ እንዲህ ነው ወይስ የኛው ብቻ ነው ያበደው?

ኦርላንዶ ሌሊት፦
የሁሉም ነው ወንድሜ። ትንሽ ዕዳ ካለብህ ይይዙሃል፣ ትልቅ ዕዳ ካለብህ ይለማመጡሃል።

ቁልፍ በእጄ፦
ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን ነገሩን ገልብጠኸዋል። ቅናሽ የጠየቀው ባንኩ አይደለም። ከባንኩ "እንዳለ" ብሎ የገዛው ሰውዬ ነው። ሳሩን አጭዷል፣ ገንዳውን አስጠርጓል፣ የተሰበረውን መስኮት ቀይሯል። ኢንስፔክተሩ መጥቶ አይቶ ከፈረመ በኋላ ነው ኮሚሽኑ ፊት የቆመው። አድሶ ለቤተሰብ ሊሸጠው ነው፤ 214 ሺህ ሊን ያለበትን ቤት ግን ሽያጩን የሚያጣራው ታይትል ካምፓኒ የትኛውም አይነካውም። ክሎዚንግ፣ የሽያጩ መጨረሻ ፊርማ፣ ከሌለ ቤቱ ባዶ ይቀራል፣ አንተም ከቢምቢው ጋር ትቀራለህ። ባንኩስ ቢሆን ምን አጠፋ? ያበደረውን ብር አጥቶ ቤት ታቅፎ የቀረ ነው።

እመቤት ዘታምፓ፦
"ባንኩስ ምን አጠፋ።" እስቲ ደግመህ ጻፈው፣ ለልጆቼ ላነብላቸው ነው።

ኦርላንዶ ሌሊት፦
ድንኳን እንጣልለት እንዴ? ንፍሮውን እኔ እችላለሁ።

የጥግ ቤት ጎረቤት፦
ቤት ታቅፎ ቀረ አልክ? ቤቱን ያቀፍኩት እኔ ነኝ! ሁለት ክረምት ሙሉ ጓሮዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ገንዳው እንደ ጎመን ወጥ አረንጓዴ ሆኖ፣ ማታ ማታ እንቁራሪቱ ቴሌቪዥን አያሰማም። በሩ ላይ የለጠፉት ማስጠንቀቂያ ፀሐይ በልቶት ነጭ ወረቀት ሆነ፤ በላዩ ሌላ ለጠፉ፤ እሱም ነጣ።

ሳር አጫጁ፦
እኔ ስለዚህ ነገር ትንሽ አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ስለነበር። ባንክ የያዛቸውን ቤቶች ሳር አጭድ ነበር። ሥራው ከባንኩ ወደ አንድ ትልቅ ኩባንያ፣ ከሱ ወደ ትንሽ ኩባንያ፣ ከትንሹ ወደኔ ይመጣል። እኔ ጋ ሲደርስ ብሩ ቤንዚን አይሸፍንም። ከማጨድህ በፊት ፎቶ፣ ካጨድክ በኋላ ፎቶ፣ ቀንና ሰዓቱ ያለበት። ትዕዛዙ ላይ "ፊት ለፊት" ከተባለ ፊት ለፊቱን ብቻ ነው። ኋላው ወገቤ ድረስ የደረሰ ቤት ነበር፤ ላጭደው ወይ ብዬ ደውዬ "ያልታዘዝከውን ከነካህ አንከፍልህም" ተባልኩ። ስለዚህ ከመንገድ ሲታይ ቆንጆ ነው፤ ጎረቤት ግን በአጥሩ በኩል ጫካ ነው የሚያየው።

እመቤት ዘታምፓ፦
ባንኩ ያጠፋው ይኸውልህ ቁልፍ በእጄ። የፊቱን አሳጨደ፣ የኋላውን ለጎረቤት ተወ።

ቁልፍ በእጄ፦
አንዲት ሐረግ ይዛችሁ ሙጭጭ አላችሁ። እሺ፣ ስለ ሕጉ እናውራ። ፓልም ቤይ ከተማ "የኔ የደንብ ዕዳ ከሞርጌጅ፣ ከባንክ የቤት ብድር፣ ይቀድማል" የሚል ደንብ አውጥታ ነበር። ከዌልስ ፋርጎ ባንክ ጋር ተሟግታ በ2013 በፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታች። ቀድሞ የተመዘገበ ይቀድማል፣ አለቀ። ባንኩ ከተማውን በክሱ ውስጥ አካትቶ ፎርክሎዝ ካደረገ፣ ማለትም ላልተከፈለው ብድር ቤቱን በፍርድ ቤት ሐራጅ ካሸጠ፣ ከሞርጌጁ በኋላ የመጣው ሊን ይጠፋል። ስለዚህ ከተማው 202 ሺህ ዶላር አልማረም። አብዛኛው ከመጀመሪያውም ወረቀት ላይ የነበረ ቁጥር ነው። ከወረቀት 12 ሺህ ማውጣት ሞኝነት ነው?

የጥግ ቤት ጎረቤት፦
የሱ ወረቀት ከሆነ የኔ 1,250 ለምን ወረቀት አልሆነም?

ዝምተኛው፦
አንድ ጥያቄ። ከ856ቱ ቀን ውስጥ ባንኩ በሐራጁ አሸንፎ ቤቱን በስሙ ካዞረ በኋላ ያለው ስንት ነው? ከዚያ በፊት ያለው የቀድሞው ባለቤት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የማንም ሳይሆን የባንኩ ነው።

የጥግ ቤት ጎረቤት፦
ቆይ፣ ካውንቲው ክለርክ (መዝገብ ቤቱ) ገጽ ላይ አለ።

የጥግ ቤት ጎረቤት፦
አገኘሁት። የባለቤትነት ሰርተፊኬቱ ከወጣ እስከሸጠበት ቀን 310 ቀን።

ዝምተኛው፦
310 በ250፣ 77,500 ዶላር።

ኦርላንዶ ሌሊት፦
"ባንኩስ ምን አጠፋ?" ሰባ ሰባት ሺህ አምስት መቶ አጠፋ!

ቁልፍ በእጄ፦
310 ቀን ለባንክ ምንም ማለት አይደለም። ኢንሹራንስ አለ፣ ግምት አለ፣ ከባሕር ማዶ ያለ ክፍል መፈረም አለበት፣ መሐል ላይ አውሎ ነፋስ ይመጣል...

የጥግ ቤት ጎረቤት፦
ለኔ አምስት ቀን ስንት ነበር? እኔም ባሕር ማዶ ክፍል ላቋቁም?

ጋሽ መካሪ፦
ልጆቼ፣ ከመቀላለዳችሁ በፊት ሕጉን እንመልከት፤ የፍሎሪዳው የደንብ ማስከበር ሕግ፣ ቻፕተር 162 ነው። ለመጀመሪያ ጥፋት በቀን እስከ 250፣ ለደጋሚ እስከ 500 ይፈቅዳል። 50 ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞችና ካውንቲዎች በራሳቸው ደንብ እስከ 1,000 እና 5,000 ማድረስ ይችላሉ። ሊኑ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ዋናው ነገር ግን ማንም አላነሳውም። ሊኑ ሳሩ ያደገበትን ቤት ብቻ ሳይሆን አጥፊው ያለውን ሌላ ንብረትም ይይዛል። እስቲ አስቡት፣ ባንኩ በዚህ ካውንቲ ስንት ቤት ይዟል? ለእነዚያ 310 ቀኖች ትዕዛዙ በባንኩ ስም ቢወጣ ኖሮ አንዱን ቤት ሊሸጥ ሲሞክር የሌላው ዕዳ ይጠብቀው ነበር። ከተማው መያዣ አላጣም፤ መጠየቅ ነው ያልፈለገው።

ቁልፍ በእጄ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ ያሉት ያው ሕግ የኛን ሰው ነው የሚገድለው። ሁለት ሦስት ቤት ገዝቶ የሚያከራይ ሐበሻ አለ። አንዱ ቤት ላይ ተከራዩ ቆሻሻ ቢከምር ሌሎቹም ይያዛሉ። ባንክ ጠበቃ አለው፣ ይወጣዋል። ቅናሹን ከዘጋችሁት የሚታፈነው ይኸኛው ሰው ነው።

እመቤት ዘታምፓ፦
አሁን ደግሞ የሐበሻ ጠበቃ ሆንክ። ቅናሽ ይዘጋ ያለ የለም። እዚሁ አጠገባችን ደኒዲን ከተማ ያለውን ሰውዬ አስታውሱ። የሟች እናቱን ጉዳይ ሊያስፈጽም ሌላ ስቴት ሄዶ ሳሩ ሲያድግ በቀን 500 እየተቆጠረ ወደ 30 ሺህ ደረሰበት፤ ከተማውም በ2019 ቤቱን በፎርክሎዠር ልውሰድ ብሎ ወሰነ። ሳር እንዲያጭድለት የከፈለው ጓደኛው መሐል ላይ ሞቶበት ነው። ላንታና ከተማ ያለችው እናትስ? የቤተሰቧ መኪኖች ጎማ ሳር ረግጧል ተብሎ 407 ቀን በ250፣ ለሱ ብቻ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ። ቅናሽ ለነዚህ ነው። ለሚኖርበት ሰው!

ቁልፍ በእጄ፦
ታዲያ ምንድነው የምንጣላው? አንቺም ቅናሽ ትፈልጊያለሽ፣ እኔም እፈልጋለሁ።

እመቤት ዘታምፓ፦
"ለሚኖርበት" የሚለውን ዘለልከው። የመነጽርህን ቁጥር ታየው።

ቁልፍ በእጄ፦
የሚኖርበት ሰው እንዲገባ እኮ ነው ቤቱ የሚጸዳው!

ኦርላንዶ ሌሊት፦
አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረን። ይህን ቤት ማን ነው የሚሸጠው?

ቁልፍ በእጄ፦
እኔ አይደለሁም።

የጥግ ቤት ጎረቤት፦
ቅዳሜ ዕለት በነጭ መኪና መጥተህ ፎቶ ስታነሳ አይቼሃለሁ።

ቁልፍ በእጄ፦
ጓደኛዬ ነው የሚሸጠው። ለእገዛ ነው የሄድኩት። እና ቢሆንስ? እንጀራ ነው።

ኦርላንዶ ሌሊት፦
ባንኩስ ምን አጠፋ! ለካ ነገሩ ኮሚሽን ነው፣ የከተማውም ኮሚሽን፣ የአንተም ኮሚሽን።

ዋሽንግተን ናፋቂ፦
ገርሞኝ ነው ዝም ብዬ የማነበው። አዲስ አበባ ደንብ አስከባሪ ሸራችንን ሲቀድ ሸሽተን መጣን፣ እዚህ ደግሞ ሳራችንን እየለካ ይጠብቀናል።

ጋሽ መካሪ፦
እዚያ ይግባኝ የምትለው የት ነበር? እዚህ ቢያንስ ስብሰባ ገብተህ ሦስት ደቂቃ ትናገራለህ።

ዋሽንግተን ናፋቂ፦
ሦስት ደቂቃ ተናግሬ 1,250 ልክፈል? ሳልናገር ብከፍል ይሻለኛል።

አወያይ፦
ወደ አገር ቤት ጉዳይ እንዳትገቡ። ባለፈው የፓርኪንጉ ክርክር በምን እንዳለቀ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የሰው መኪና ቀለም መጥቀስም ይቁም።

የጥግ ቤት ጎረቤት፦
መኪናውን ግቢዬ ፊት ነው ያቆመው እኮ። ያውም ሁለቱ ጎማ ሳር ላይ።

እመቤት ዘታምፓ፦
ላንታና ቢሆን 250።

ዝምተኛው፦
ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ከተማው ራሱ ስንት አወጣ? ኢንስፔክተሩ ስንቴ ተመላለሰ፣ መስኮቱን በጣውላ ለማሸግ ስንት ከፈለ፣ የመዝገብ ክፍያው? 12 ሺሁ ያንን ከሸፈነ አንድ ነገር ነው። ካልሸፈነ ልዩነቱን እኛ በታክስ ከፍለናል። ትናንት ይህን ዝርዝር አንድ የኮሚሽን አባል ጠይቆ ነበር?

የጥግ ቤት ጎረቤት፦
አልጠየቀም። አንደኛዋ "ሰፈሩ እንዲያምር እንፈልጋለን" አለች፣ ሌሎቹ እጅ አወጡ። ገዢው ፈገግ ብሎ ወጣ። ባንኩ በወኪልም አልተገኘም።

ሳር አጫጁ፦
ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። እዚህ የተመቸው ሳሩ ብቻ ነው።

ቁልፍ በእጄ፦
ባንኩ በዋጋው ላይ ቀንሶለት ነው የሸጠው። ሊኑ ስላለ። በሌላ አነጋገር ከፍሏል።

ጋሽ መካሪ፦
የቀነሰው ለገዢው ነው፣ ለከተማው አይደለም። ያ ገንዘብ የሰፈሩ መሆን ሲገባው የገዢው ትርፍ ሆነ። 214 ሺሁን አስቦ በርካሽ ገዛ፣ በኋላ በ12 ሺህ ጨረሰ፤ ልዩነቱ ማን ኪስ ገባ? እኔ ቅናሹን አልቃወምም፤ ገዢው ስንት ብሎ እንደገዛ ሳይጠይቁ መቀነሳቸውን ነው የምቃወመው። አንድ ሌላ ነገር ላንሳ። ላውደርዴል ባይ ዘ ሲ በምትባል ትንሽ ከተማ ባንክ በ2008 የፎርክሎዠር ፍርድ አግኝቶ ሐራጁ የተካሄደው በ2012 ነበር። በመሐል ከተማዋ ሰባት ሊን ጻፈች። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁሉም በሐራጁ ጠፍተዋል፣ የገዢው ቤት ንጹሕ ነው አለ። አራት ዓመት ሐራጁ ይጓተታል፣ ከተማ ይጽፋል፣ መጨረሻ ላይ ዜሮ።

ቁልፍ በእጄ፦
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው ጋሼ! ዜሮ ከሚሆን 12 ሺህ አይሻልም?

ዝምተኛው፦
ያ የሚጠፋው ከሐራጁ በፊት ያለው ነው። 310ሩ ከሐራጁ በኋላ ነው አልን።

ቁልፍ በእጄ፦
ትዕዛዙ በማን ስም ወጣ፣ ባንኩስ ተነግሮታል ወይ የሚለው የጠበቃ ክርክር ነው። ከተማው ለጠበቃ 40 ሺህ አውጥቶ 77 ሺህ ያሳድድ?

እመቤት ዘታምፓ፦
ለ1,250 ግን ያሳድዳል።

ቁልፍ በእጄ፦
እኔ ደክሞኛል። ሰው ቤት ሳይኖረው እናንተ ባንክ ትቀጣላችሁ።

ኦርላንዶ ሌሊት፦
ባንኩስ ምን አጠፋ ብለህ ተኛ።

የጥግ ቤት ጎረቤት፦
በሁለት ሳምንት ሌላ ስብሰባ አለ። ከሚቀጥለው መንገድ ላይ ያለ ሌላ ባዶ ቤት አጀንዳ ላይ ነው፤ ሊኑ የሚቀነስለትም በዚሁ አካሄድ ነው። 310ሩን ቀን ወረቀት ላይ ጽፌ እሄዳለሁ። ሦስት ደቂቃዬን እጠቀማለሁ። ማን ይመጣል?

ጋሽ መካሪ፦
እኔ እመጣለሁ። ምሽት መንዳት ስለሚከብደኝ ግን አንድ ሰው ይውሰደኝ።

ኦርላንዶ ሌሊት፦
ጋሼ እኔ እወስድዎታለሁ፣ ያው ሌሊት ሌሊት ነኝ።

ቁልፍ በእጄ፦
እኔም እመጣለሁ። በሌላው ወገን።

እመቤት ዘታምፓ፦
መኪናህን መንገዱ ላይ አቁመው ብቻ።

ሳር አጫጁ፦
ይቅርታ፣ መሐል ገብቼ፤ የጥጉን ቤት ኋላ ማን አጨደው? ፊቱን ጥሩ ቆርጠውታል፣ አጥሩ ሥር ግን ትተውታል። ገዢውን የምታውቁት ካላችሁ ንገሩልኝ፣ በዚህኛው ዙር ኋላውንም አጭዳለሁ።