ሳንድዉድ ቤይ ከእናቴ ጋር መሄድ ይቻላል?

ናሆም፣ ግላስጎው
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ስድሳዎቹን አልፋለች፤ ግን እንጦጦ ማርያም በእግሯ ወጥታ የምትመለስ ሴት ናት። ውቅያኖስ ሳላይ አገሬ አልገባም ብላለች፤ ግርግር ያለበትን ደግሞ አትወድም። በሰሜን ምዕራብ ስኮትላንድ ያለውን ሳንድዉድ ቤይ የተባለውን የባሕር ዳርቻ አስቤያለሁ። በጁን መጨረሻ ብንሄድ ትችለዋለች?

የኢንቨርነሱ ሾፌር
እንኳን ደኅና መጡ በልልኝ። እንጦጦን የወጡ እናት ይህን ያቅታቸዋል ብዬ አልሰጋም። መኪናህን ብሌርሞር ታቆማለህ፤ ከኪንሎክበርቪ መንደር ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ከዚያ ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በእግር፣ መመለሻውም ያው። ዳገቱ ቀላል ነው። ሳልደብቅህ ግን መንገዱ ያሰለቻል፤ ዛፍ የሌለበት ረግረግ፣ ትንንሽ ሐይቆች፣ በጎች፣ ነፋስ። እንግዶቼ እዚህ ላይ ነው በክፉ ዓይን የሚያዩኝ። ኩርፊያው የሚቀረው ከመጨረሻው ቁልቁለት ላይ ነው፦ ወደ ሮዝ የሚያደላ አሸዋ፣ ከኋላው ጨው አልባ ሐይቅ፣ በደቡብ በኩል ከባሕሩ ብቻውን የቆመው አም ቡአቻይል የተባለ የድንጋይ ዓምድ፤ ቁመቱ ስድሳ አምስት ሜትር ገደማ ነው። ሆቴልም ሱቅም የለም። ከ1993 ጀምሮ መሬቱ የጆን ሚዩር ትረስት የተባለ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ነው።

እኔን የሚያሰጋኝ ውሃው ነው። አትላንቲክ ያለ ከልካይ ስለሚመታው የሚመለሰው ማዕበል ሰው ይጎትታል፤ ነፍስ አድን ሠራተኛም የለም። ጸበል አይደለምና እናትህን ከቁርጭምጭሚት በላይ አታስገባ።

ሰብለ፣ ኤድንብራ
ወንድሜ ትንኟን ረሳት! ነፋሱ ጸጥ ሲል በደመና ትመጣለች፤ ከዓይን ሽፋሽፍት ሥር ሳይቀር ትገባለች። ለእናታችን ነጠላቸውን አልብሳቸው፤ ከሚሸጠው መረብ አይተናነስም። ማታም ካልሲያችሁን አውልቃችሁ መዥገር ፈልጉ።

ናሆም፣ ግላስጎው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ ጀበናዋን ይዛ መጥታለች፤ እዚያ ቡና እናፍላ እያለች ነው። ድንኳን ተክለን ብናድርስ?

የኢንቨርነሱ ሾፌር
የስኮትላንድ የ2003 ሕግ ማደሩን ይፈቅዳል፤ በጁን ሌሊቱም በደንብ አይጨልም። እሳት ግን በመሬቱ ላይ አታንድድ፤ ረግረጉ ራሱ ይቃጠላል። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዝ፤ ጀበናውንም በፎጣ ጠቅልለው። ነዳጅ ከኢንቨርነስ ሳትወጣ ሙላ። ወደ ሰሜን ስትዘልቅ መንገዱ ብዙ ቦታ ላይ ለአንድ መኪና ብቻ ነው። ከፊትህ መኪና ሲመጣና ለመተላለፊያ ሰፋ የተደረገው ቦታ በቀኝህ ሲሆን ወደዚያ አትሻገር፤ ትይዩው ቆመህ እርሱ ይግባበት።