የቆዳ ካንሰር ምርምርን በገንዘብ የሚደግፍ ድርጅት በማን ሊመራ ይገባል?

ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ በየዓመቱ የምናሰባስበውን መዋጮ ዘንድሮ ለቆዳ ካንሰር ምርምር ለመስጠት ስለተስማማን፣ በዚህ መስክ የታወቁትን የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅቶች አመራር መመልከት ጀምሬያለሁ። አደገኛ በሆነው የቆዳ ካንሰር በሜላኖማ ላይ ብቻ የሚያተኩረው ሜላኖማ ሪሰርች አሊያንስ እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው በወይዘሮ ዴብራ ብላክና በባለቤታቸው በአቶ ሊዮን ብላክ ነው፤ ወይዘሮ ዴብራ ራሳቸው በሜላኖማ ታመው የዳኑ ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው በኢንቨስትመንት ዓለም የታወቁ ሰው ናቸው። ስኪን ካንሰር ፋውንዴሽንን ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ያቋቋሙት የቆዳ ሐኪሙ ዶክተር ፔሪ ሮቢንስ ናቸው።

ጥያቄዬም ከዚህ ይነሣል። ለተመራማሪዎች ገንዘብ የሚያከፋፍል ድርጅት መመራት ያለበት በገንዘብ ሰዎች ነው፣ በታካሚዎችና በቤተሰቦቻቸው ነው ወይስ በሳይንቲስቶች? የአመራሩን ስም ዝርዝር ብቻ የሚያይ የውጭ ሰውስ ድርጅቱ በአግባቡ እንደሚሠራ በምን ሊያውቅ ይችላል?

የቤተ ሙከራ ሰው፦

ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ በእኛ ሙያም ዘወትር የሚያነጋግር ነው። ስሞቹን ከመመዘን በፊት ማን ምን እንደሚወስን መለየት ይጠቅማል። ቦርዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ይቀጥራል፣ ካስፈለገም ያሰናብታል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ለጋሾችንም ያፈላልጋል፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚውና በሥሩ ያለው የሳይንስ ኃላፊ የዓመቱን የምርምር ጥሪ ያዘጋጃሉ፤ የቀረቡትን ፕሮፖዛሎች አንብበው ነጥብ የሚሰጡት ግን ከዩኒቨርሲቲዎችና ከካንሰር ሆስፒታሎች የሚጋበዙ ገምጋሚዎች ናቸው። በዚህ አሠራር አንድ ባለሀብት የቦርድ ሰብሳቢ መሆኑ በራሱ የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው ባለሀብቱ የገምጋሚዎቹን ነጥብ ወደ ጎን ትቶ የሚያውቀውን ሐኪም ፕሮጀክት ሲመርጥ ነው።

በሳይንሱ በኩል ያለው አመራር ግን ከሁሉም ይልቅ ሊመረመር ይገባል ብዬ አምናለሁ። የመንግሥት የምርምር ገንዘብ በአብዛኛው የሚሰጠው የመጀመሪያ ውጤት ላለው ሐሳብ ነው፤ ያንን የመጀመሪያ ውጤት ለማግኘት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ወጣት ተመራማሪዎች በዚህ አዙሪት ውስጥ ይቀራሉ። የግል በጎ አድራጎት ድርጅት ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ካንሰርን እንዲዋጋ ማድረግ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ለብዙ ዓመታት በጥርጣሬ ይታይ እንደነበር እናስታውስ። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጄምስ አሊሰን የተከላካይ ሕዋሳትን ልጓም የሚይዘውን ሞለኪውል በማጥናት ያስጀመሩት መንገድ ኢፒሊሙማብ የተባለውን መድኃኒት አስገኝቶ፣ መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 በአሜሪካ ለተሠራጨ ሜላኖማ ተፈቀደ፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2018 ከጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በፊት በተሠራጨ ሜላኖማ የተያዙት አብዛኞቹ ሕሙማን አንድ ዓመት አይቆዩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ የረጅም ጊዜ ክትትል ግን ኢፒሊሙማብና ኒቮሉማብ የተባለው ተመሳሳይ መድኃኒት ተጣምረው ከተሰጧቸው ሕሙማን 43 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። እንግዲህ የሳይንስ ኃላፊው ገና ያልተፈተነ ሐሳብን ለመደገፍ የሚደፍር ነው ወይስ ሌሎች ቀድመው ያረጋገጡትን የሚከተል? እኔ ብሆን ይህንን ሳላውቅ ገንዘቤን አልሰጥም።

ታዛቢ፦

ከላይ የተጻፈውን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። በወረቀት ላይ የተለያዩ አካላት በተግባር ሁልጊዜ ተለያይተው አይኖሩም። ሜላኖማ ሪሰርች አሊያንስ የአስተዳደር ወጪው በመሥራቾቹ ስለሚሸፈን ከሕዝብ የሚሰበሰበው ገንዘብ በሙሉ ወደ ምርምር እንደሚሄድ ይገልጻል። ይህ ለትንሽ ለጋሽ ደስ የሚያሰኝ ዜና ነው፣ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን የሠራተኞቹን ደመወዝና የቢሮውን ኪራይ የሚከፍለው አንድ ቤተሰብ ከሆነ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ለዚያ ቤተሰብ «አይሆንም» ለማለት ምን ያህል ነጻነት ይኖረዋል? ይህን የምለው በዚህ ድርጅት ላይ ክስ ለማቅረብ ሳይሆን፣ በመሥራች ገንዘብ የሚቆም ማንኛውም ድርጅት የሚገጥመው ፈተና ስለሆነ ነው። መሥራቹ ቢታመም፣ ቢያርፍ ወይም ስሙ በሌላ ጉዳይ ቢነሣ ድርጅቱ በማን ገንዘብ እንደሚቀጥል ማሰብ የቦርዱ ድርሻ ነው፤ ስለዚህ ከመሥራቹ ቤተሰብ ጋር የሥራም ሆነ የዝምድና ትስስር የሌላቸው የቦርድ አባላት ስንት እንደሆኑ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሌላው የመድኃኒት ኩባንያዎች ናቸው። አዳዲሶቹን የሜላኖማ መድኃኒቶች የሚሸጡ ኩባንያዎች ለምርምር ድርጅቶችም ይለግሳሉ፤ የቀድሞ ሠራተኞቻቸውም አንዳንዴ በአመራር ውስጥ ይገኛሉ። መድኃኒት እንዴት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ታካሚ ዘንድ እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው በቦርድ ውስጥ መኖሩ ጥቅም አለው፤ ሆኖም ግንኙነቱ በግልጽ መነገር አለበት።

የቤተ ሙከራ ሰው፦

ታዛቢ ስለ መሥራቾች ያሉት ትክክል ነው። ስለ ጥቅም ግጭት ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከውጭ ለሚያይ ሰው በቀላሉ የሚፈታ ይመስላል። የሜላኖማ ተመራማሪዎች ዓለም ጠባብ ነው። አንድን ፕሮፖዛል በሚገባ ሊመዝኑ የሚችሉት ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ አመልካቹን ያስተማሩት፣ አብረውት የጻፉት ወይም ለተመሳሳይ ግኝት የሚሽቀዳደሙት ናቸው። ትስስር ያለውን ሁሉ ካገለልን መገምገም የሚችል ሰው አይቀርም። ስለዚህ በጥሩ ሁኔታ የሚመሩ ድርጅቶች ገምጋሚው ከአመልካቹ ጋር በአንድ ተቋም የሚሠራ ወይም በቅርብ ዓመታት አብሮት ያሳተመ ከሆነ ያ ፕሮፖዛል ሲነሣ ከክፍሉ እንዲወጣና ነጥብ እንዳይሰጥ ያደርጋሉ፤ የገምጋሚዎቹንም ቡድን በየጊዜው በአዲስ ሰዎች ያድሱታል። የሳይንስ አማካሪዎቹ ዝርዝር ለረጅም ዓመታት ሳይለወጥ ከቆየና የምርምር ድጎማውም በእነዚያው አማካሪዎች ተቋማት ዙሪያ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ሕግ ባይጣስም እንኳ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው።

የቀድሞ ኦዲተር፦

ጠያቂያችን «በምን ሊያውቅ ይችላል?» ስላሉ በዚያ ላይ ላተኩር። በአሜሪካ ሕግ ከግብር ነጻ የሆኑ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በየዓመቱ ፎርም 990 የተባለውን መግለጫ ለአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት ያስገባሉ፤ መግለጫውም ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ድርጅቱ ራሱም ሲጠየቅ ያለፉትን የሦስት ዓመታት ቅጂ የመስጠት ግዴታ አለበት። ክፍል 6 ድምፅ የሚሰጡትን የቦርድ አባላት ብዛትና ከእነርሱ ውስጥ ገለልተኛ የሆኑትን፣ በቤተሰብ ወይም በንግድ የተሳሰሩ አመራሮች መኖር አለመኖራቸውን፣ እንዲሁም በጽሑፍ የተቀመጠ የጥቅም ግጭት ፖሊሲ መኖሩን ያሳያል፤ ታዛቢ ላነሡት ጥያቄ መልሱ እዚያ ነው። ክፍል 7 እያንዳንዱን የቦርድ አባልና ከፍተኛ ሠራተኛ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራና የሚከፈለውን ይዘረዝራል። በተለምዶ የቦርድ አባላት ክፍያ ዜሮ ሆኖ ይታያል። የዋና ሥራ አስፈጻሚው ደመወዝ ከፍ ማለቱ ብቻውን አያስደነግጠኝም፤ ከድርጅቱ ስፋትና ከተመሳሳይ ድርጅቶች ጋር ሳይነጻጸር የሚሰጥ ፍርድ ፍርድ አይደለም። አባሪ ኤል ድርጅቱ ከራሱ አመራሮች ጋር ያደረገውን የገንዘብ ግብይት፣ አባሪ አይ ደግሞ በአገር ውስጥ ድጎማ የተሰጣቸውን ተቋማት ያሳያል።

ሁለት ነገሮችን ግን ከዚያ አይጠብቁ። የለጋሾች ስም ለሕዝብ ከሚወጣው ቅጂ ይሸፈናል። በተጨማሪም ሪፖርቱ የሚቀርበው የበጀት ዓመቱ ካለቀ ከወራት በኋላ፣ ማራዘሚያ ሲጠየቅም ይበልጥ ዘግይቶ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚያነቡት ስም አስቀድሞ ከቦርዱ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከባልደረቦቼ አንዱ ሜላኖማ ጥቁር ቆዳ ያላቸውን ሰዎች ስለማይመለከት ለእነርሱ የሚጠቅመው ሌላ ምርምር ነው ይላል። እውነት ነውን? እውነት ካልሆነስ የአመራሩ ማንነት ከዚህ ጋር ይያያዛል?

የቤተ ሙከራ ሰው፦

እውነት አይደለም። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ሜላኖማ በእጅጉ ያነሰ ቢሆንም፣ ሲከሰት ብዙ ጊዜ በእግር መዳፍ፣ በእጅ መዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ይወጣል፤ ይህ ዓይነቱ አክራል ሜላኖማ ይባላል። ዋና መነሻው የፀሐይ ጨረር አይደለም፣ ስለዚህም የፀሐይ መከላከያ ቅባት አያስቀረውም። ማንም ስለማይጠብቀው ዘግይቶ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ያረፈው ቦብ ማርሌይ በሽታው የጀመረው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። በአክራል ሜላኖማ ውስጥ ያለው የዘረመል ለውጥ ፀሐይ ከሚያመጣው ሜላኖማ የተለየና ያነሰ በመሆኑ፣ ከላይ ያመሰገንኳቸው መድኃኒቶች በእርሱ ላይ የሚሠሩት ደከም ባለ ሁኔታ ነው።

ከአመራሩ ጋርም በቀጥታ ይያያዛል። መድኃኒቶቹ የተፈተኑት በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ባላቸው ሕሙማን ላይ ነው፤ የአክራል ታማሚዎች ጥቂትና የተበታተኑ ስለሆኑ ለኩባንያዎች ገበያው ጠባብ ነው፤ ለእነርሱ ሆን ብሎ ገንዘብ የሚመድብ አመራር ከሌለ ጥናቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ሜላኖማ ሪሰርች አሊያንስ የአክራልና የሙኮሳ (እንደ አፍና አፍንጫ ውስጥ ባለው እርጥብ ሽፋን ላይ የሚወጣ) ሜላኖማ ታማሚዎች መረጃቸውን ራሳቸው የሚያስገቡበት መዝገብ አቋቁሟል፤ ይህ አመራሩ ጉዳዩን እንዳልዘነጋው ያሳያል። ለሌሎቹ ድርጅቶች ግን የድጎማ ዝርዝራቸውን ከፍተው፣ በቅርብ ዓመታት ከተሰጡት ውስጥ ስንቱ ለአክራል ሜላኖማ እንደዋለ ይቁጠሩ፤ ባዶ ሆኖ ካገኙት ለሳይንስ ኃላፊው በጽሑፍ ምክንያቱን ይጠይቁና መልሱን ለባልደረባዎ ያሳዩ።