ክርክር፦ የእባብ መርዝ ማርከሻ ጤና ጣቢያ ይግባ ወይስ ሆስፒታል ይቆይ?

የመተማው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር እንከራከርበት። የሰሊጥ አጨዳ እየደረሰ ነው። ከደጋ የሚወርደው ወጣት ክፍት ጫማ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ በእጁ ነው የሚያጭደው። ማታም መሬት ላይ ይተኛል። እባብ ቢነድፈው ማርከሻው ያለው ሆስፒታል ነው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጥቁሩ አፈር መኪና አያሳልፍም። አምና አብሮኝ ያጭድ የነበረ ልጅ ሆስፒታል የደረሰው በማግስቱ ነው። እግሩ ተቆረጠ። እኔ በእርሻ ወራት ማርከሻው ጤና ጣቢያ ይግባ ባይ ነኝ።

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ በጓደኛህ በጣም አዝኛለሁ። ሐሳቡን ግን እቃወማለሁ። 11 ዓመት ድንገተኛ ክፍል ሠርቻለሁ። ማርከሻው የሚዘጋጀው መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ከተወጋ ፈረስ ደም ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ ከባድ አለርጂ ያስነሳል። ግፊት ይወርዳል፣ ጉሮሮ ያብጣል። አለርጂውን የሚያስታግሰው መርፌ፣ አድሬናሊን፣ ተዘጋጅቶ አጠገብህ ከሌለ ሰውየውን መድኃኒቱ ራሱ ሊገድለው ይችላል። ደግሞም ለተነደፈ ሁሉ አይሰጥም። እባቡ ነድፎት መርዝ ያልገባበት ሰው ብዙ ነው።

የመተማው ልጅ፦
ሲስተር፣ መርዝ መግባቱን በምን ነው የምትለዩት?

ሲስተር፦
እውነቱን ልንገርህ፣ ለእፉኝት ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። 2 ሚሊ ሊትር ደም ከደም ሥር ትቀዳለህ። ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ታደርገዋለህ። ፕላስቲክ አይሆንም። 20 ደቂቃ ሳትነካው ታቆየዋለህ። ከዚያ አንዴ ታዘነብለዋለህ። እንደ ውኃ ከፈሰሰ መርዙ የደሙን መርጋት አጥፍቶታል ማለት ነው። የኮብራና የማምባ መርዝ ግን ነርቭ ነው የሚይዘው። የዓይን ቆብ ይወርዳል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅታል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይደክማል። ለእሱ ኦክስጅንና መተንፈሻ ማሽን ያስፈልጋል። ጤና ጣቢያ ከየት ያመጣል?

የአዋቂው የልጅ ልጅ፦
አያቴ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። በሥር ያዳኑትን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ለምን እነሱን ትረሳላችሁ?

ሲስተር፦
አያትህን አከብራለሁ። ግን እስቲ ቅድም ያልኩትን አስበው። መርዝ ያልገባበት ሰው ሥር ቢጠጣም ባይጠጣም ይድናል። ምስጋናው ግን ለሥሩ ይሆናል። እኔ የማዝነው አዋቂ ቤት ሦስት ቀን ቆይተው ለሚመጡት ነው። በምላጭ ተበጥተው፣ ደሙ አልቆም ብሎ ነው የሚደርሱት።

ፋርማሲስቱ፦
ሁላችሁም መድኃኒቱ በእጃችሁ እንዳለ ነው የምታወሩት። ፋቭ አፍሪክ የሚባለው፣ ለአፍሪካ እባቦች የተሠራው ማርከሻ፣ የፈረንሳዩ መድኃኒት አምራች ሳኖፊ ማምረት ያቆመው በ2014 ነው፤ አያዋጣም ብሎ። የመጨረሻው ምርት በ2016 ጊዜው አለፈ (ሁለቱም በፈረንጅ)። ከዚያ በፊትም በሕንድ እባቦች መርዝ የተሠራ ማርከሻ አፍሪካ ገብቶ ነበር። ጋና ውስጥ በእሱ ሲታከሙ የሚሞቱት ቁጥር ጨመረ። ስለዚህ በመጀመሪያ ለእኛ እባቦች የሚሠራ ዓይነት ይገዛ። ዋጋው ደግሞ የቀን ሠራተኛ የሚችለው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 (በፈረንጅ) የእባብን ንድፊያ ችላ ከተባሉት በሽታዎች ተርታ ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ሀብታም የማይነደፍበት በሽታ ነው። መንግሥት ካልደጎመው ጤና ጣቢያ ቢቀመጥ ማን ይገዛዋል?

የመተማው ልጅ፦
የዋጋውን እቀበላለሁ። በነፃ ካልሆነ ትርጉም የለውም። ሲስተር ግን የሚሉትን ልመልስ። ጤና ጣቢያ ማርከሻው የሚቀመጥበት የክትባት ፍሪጅ አለው። በአድሬናሊን አሰጣጥም በ20 ደቂቃው ምርመራም ነርሱን ማሠልጠን ይቻላል። ሆስፒታል ይሻላል፣ አልክድም። ግን ጓደኛዬ መንገድ ላይ ያደረው በሆነ ማሽን እጦት አይደለም። መድኃኒቱ ከእሱ ስለራቀ ነው።

ሲስተር፦
እሺ። አድሬናሊን፣ የሠለጠነ ሰው፣ የሚጠራ አምቡላንስ። ሦስቱ ባሉበት እስማማለሁ። አንዱ በጎደለበት ግን አሁንም አይሆንም እላለሁ።

የአዋቂው የልጅ ልጅ፦
ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ። እኛ ጋ መጀመሪያ ከቁስሉ በላይ በገመድ ጥፍር አድርገን እናስራለን። ታስሮ ያገኘሁትን ወዲያው ልፍታው?

ሲስተር፦
ያልታሰረውን አትሰሩ። እግሩ እንዳይንቀሳቀስ እንደ ስብራት በእንጨት ደግፋችሁ ተሸክማችሁ ውሰዱት። ጥብቅ ብሎ የቆየ ገመድ ካለ ግን መንገድ ላይ አትፍታው፤ መርዙ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ጤና ተቋም ሲደርስ፣ ማርከሻው ቀርቦ ነው የሚፈታው።