ለካምፕ የሚሆን አንድ ጥሩ የአደን ጠመንጃ፦ .30-06 ወይስ .375?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። አቦ አንድ ነገር ቸግሮኛል፣ የምታውቁ እርዱኝ።

የምሠራው ፈቃድ ካለው ፕሮፌሽናል አዳኝ ጋር ነው፣ ረዳቱ ነኝ። ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን ድሬ ላይ ተቀብለን ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ተራሮች ወይም ወደ አፍደም ቆላ ይዘናቸው እንወጣለን። ብዙዎቹ የራሳቸውን ጠመንጃ ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዱ ግን የወረቀቱን ጣጣ ፈርቶ ባዶ እጁን ከች ይላል። የሌላው ደግሞ ሻንጣው ትራንዚት ላይ ይቀራል። አለቃዬ ለእነዚህ የሚሆን አንድ ጥራት ያለው፣ በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ሊገዛ ነው። የፈቃዱን ጉዳይ እሱ ይጨርሳል። ምርጫውን ግን «አጥንተህ ንገረኝ» ብሎ ለእኔ ትቶታል።

ደጋው ላይ የምናድነው ደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ ነው። ቆላው ላይ ሳላ፣ አምባራይሌ፣ ከርከሮና የሜዳ ፍየል። ሁሉም በፈቃድ፣ በተሰጠን ኮታ። ጎሽና ዝሆን እኛ ጋ የለም።

የአለቃዬ ልብ .375 ኤች ኤንድ ኤች የሚባለው ትልቅ ጥይት ላይ ነው። አሜሪካ ያለው አጎቴ «.300 ዊንቸስተር ማግነም ካልሆነ ተወው» ይላል። ካምፓችን የመጡ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ደግሞ በ7×57 ትልቅ ሳላ በአንድ ጥይት ሲጥሉ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ወደ .30-06 አዘነብላለሁ፣ ግን አለቃዬን በምን ላሳምነው? ሥሪቱስ የትኛው ይሁን? ዊንቸስተር 70፣ ሲዜድ፣ ቲካ ወይስ ማውዘር? ጠመንጃውን እጄ ላይ ሳገኘው ምን ምኑን ልይ?

ሳቢያን ሰፈር

.375 ግዛና ተገላገል። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ አፍሪካን ያዳረሰ ጥይት ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽና ለዝሆን ሕጉ የሚፈቅደው ትንሹ ካሊበር (የበርሜል ውስጥ ስፋት) እሱ ነው። ትልቁን የጣለ ትንሹ አያቅተውም። ነገ አለቃህ እንግዳ ይዞ ኦሞ ቢወርድስ፣ ሌላ ጠመንጃ ሊገዛ ነው?

መሣሪያ ጠጋኙ (ሐረር)

ልጄ፣ ዕድሜዬን የገፋሁት መሣሪያ ስጠግን ነው። መጀመሪያ በሠራዊቱ ግምጃ ቤት፣ ከጡረታ በኋላ ደግሞ ለአዳኞች። ስለዚህ ትንሽ ባስረዝም ታገሠኝ።

ከሁሉ በፊት ማን እንደሚተኩስበት አስብ። ይህ ጠመንጃ የአንድ ሰው አይደለም። ዛሬ ቁመተ ሎጋ ጀርመን ይይዘዋል፣ ነገ ቀጠን ያለች ሴት፣ ከነገ ወዲያ ትከሻው የሚያመው አዛውንት። ሁሉም እጃቸው ያልለመደው መሣሪያ ነው። የመጀመሪያዋ ጥይት አጥብቃ ከረገጠቻቸው ሁለተኛዋን ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚተኩሷት። ቃታውን በመሳብ ፈንታ ይነጥቁታል። አረሩ ሆድ ላይ ያርፋል፣ እንስሳው ቆስሎ ገደል ይገባል። እሱ የሚሠቃየው ሥቃይ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። ደሙን እየተከተልክ የሚመሽብህም አንተ ነህ። .375 ከ.30-06 እጥፍ ያህል ይረግጣል። የአጎትህ .300 ማግነምም ጠንከር ይላል፣ ጩኸቱም ያስደነብራል። ሳቢያን ሰፈር፣ ስለ ጎሽ ያልከው ልክ ነው። ይህ ልጅ ግን ጎሽ የለንም ብሏል። ኦሞ የሚወርዱ ቀን ለኦሞ የሚሆነውን ይያዙ።

ከምታድኗቸው ትልቁ ደጋ አጋዘን ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል። ሳላ 200 ኪሎ አካባቢ ነው። .30-06 የ180 ግሬን አረር፣ ማለት 11.7 ግራም፣ በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። ለሁለቱም ይተርፋል። ዒላማውን 200 ሜትር ላይ ካስተካከልከው አረሩ 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ከዚያ ለራቀ እንግዳህን አታስተኩስ። ተጠግታችሁ ተኩሱ።

የእንግሊዛዊው 7×57 አይግረምህ። ስኮትላንዳዊው ደብልዩ ዲ ኤም ቤል በዚሁ ጥይት ብዙ ዝሆን ጥሏል። ያ ሰው ግን የዝሆን ጭንቅላት በመጋዝ አስቆርጦ አንጎሉ የት እንደሚገኝ ያጠና ነው። ማንም ተነስቶ ቤልን እሆናለሁ ቢል እንስሳ ያሠቃያል። ጠመንጃው ያንተ የግልህ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን ሳላሽ 7×57 ውሰድ እልህ ነበር። በጣም የምወደው ጥይት ነው፣ ትከሻ አይጎዳም፣ ሰው ተረጋግቶ ያልምበታል። ለካምፕ ግን የሚፈለገው በቀላሉ የሚገኝ ጥይት ነው። .30-06 እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ አለ፣ አሜሪካም አውሮፓም ያልደረሰበት መደርደሪያ የለም። ለአለቃህ ይህንን ንገረው።

አረሩን ደግሞ አደራ። ሰው ስለ ካሊበር ሲከራከር ያመሻል፣ ስለ አረሩ የሚያነሳ ግን አላይም። ሙሉ ሽፋን ያለው የወታደር አረር ሥጋውን በስቶ ያልፋል እንጂ ቶሎ አይገድልም። ስስ የሆነው ደግሞ የትከሻ አጥንት ሲመታ ይበታተናል። ሲመታ ከፊት የሚሰፋ፣ ከኋላ ግን ክብደቱን ይዞ የሚዘልቅ ነው የምትፈልገው። ኖስለር ፓርቲሽን እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በዚህ ሐሳብ የሚሠራ ነው፣ መሐሉ ላይ ግድግዳ አለው። ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆኑት የባርነስ አረሮችም ጥሩ ናቸው።

ወደ ሥሪቱ ልምጣ። እኔ ማውዘር 98ን ወይም የእሱን ዘር ነው የምመርጠው። ምክንያቴ ጥፍሩ ነው። መቀርቀሪያው ጎን ላይ የተኛው ረጅም ጥፍር ጥይቱን ገና ከካዝናው ሲወጣ በቂጡ ይይዘዋል። ቀለሁ ተስቦ እስኪወረወር አይለቀውም። ሰው ደንግጦ በግማሽ አቀባብሎ መልሶ ቢገፋ እንኳ ሁለት ጥይት አይደራረብበትም። እንግዳ ሰው ለሚይዘው ጠመንጃ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሩገር ሆክአይና ሲዜድ 550 የዚህ ዘር ናቸው። ዊንቸስተር 70ም እንዲሁ ነው፣ ግን እ.ኤ.አ. ከ1964 በኋላ ጥፍሩን ለዓመታት ትተውት ስለነበር ያገለገለ ከሆነ ከፍተህ ሳታይ አትግዛ። ቲካና ሬሚንግተን 700 ጥይቱን ከፊታቸው ይገፉታል እንጂ ከመጀመሪያው አይጨብጡትም። ቲካ በትክክለኛነቱ የማይታማ ጠመንጃ ነው፣ ለግልህ ብትገዛው አልነቅፍህም።

እጅህ ላይ ሲገባ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ መቀርቀሪያውን ቀስ ብለህ ግፋው። በሁለት ጣት፣ ሳያንገራግር መሄድ አለበት። ቀጥሎ አንድ ብጣሽ ወረቀት በበርሜሉና በእንጨቱ መሐል አስገባና ወደ ኋላ ሳበው። የሆነ ቦታ ላይ ከተያዘ እንጨቱ በርሜሉን እየነካው ነው ማለት ነው። ለእናንተ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድሬ ደረቅ ሙቀት ነው፣ ተራራው ላይ ጉምና ዝናብ ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና በርሜሉን ይገፋዋል። ድሬ ላይ ያስተካከላችሁት ዒላማ እዚያ ስትደርሱ ተዛብቶ ይጠብቃችኋል።

የእንጨቱን አንገት፣ እጅህ የሚጨብጠውን ቦታ፣ ብርሃን ላይ አውጥተህ እየው። ጅማቱ ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ያ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የዋልነት እንጨት ጥምዝምዝ ሰደፉ ላይ ይሁን። አንገቱ ላይ ከመጣ አንድ ቀን እዚያው ጋ ይሰነጠቃል። ስንቱን ውድ ጠመንጃ በሙጫ አጣብቄያለሁ።

ልክ መሆኑን ለማወቅ ዓይንህን ጨፍነህ ትከሻህ ላይ አድርገውና ዓይንህን ክፈት። በማነጣጠሪያ መነፅሩ ውስጥ ሙሉ ብርሃን ካየህ ልክህ ነው። ዳር ዳሩ ከጠቆረ አይደለም። ለካምፕ ሰደፉ አጠር ያለውን ምረጥ። ረጅም ሰው ሲመጣ ከኋላ ላስቲክ ትጨምርበታለህ፣ ረጅሙን ግን ለአንድ አጭር እንግዳ ብለህ በመጋዝ አትቆርጠውም።

ዱካ አንባቢ (ጭሮ)

ጋሼ የተናገሩት ላይ የምጨምረው ትንሽ ነው። ወንድሜ፣ ክብደቱን አስብ። ከነመነፅሩ ከነማንገቻው ከ4 ኪሎ ብዙ አይለፍ። ደጋ አጋዘን ያለበት ቦታ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል፣ ፈረንጁ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያኔ ጠመንጃውን የምትሸከምለት አንተ ነህ።

ሌላው ቁልቁል መተኮስ ነው። ከአንተ እስከ እንስሳው ቀጥታ 300 ሜትር የሆነው፣ 45 ዲግሪ ቁልቁል ከሆነ አረሩ የሚወድቀው 210 ሜትር አካባቢ እንዳለ አድርጎ ነው። እንግዶች ይህን ስለማያስቡ በእንስሳው ጀርባ ላይ ያሳልፉታል። ካምፕ በገባችሁበት ቀን ዒላማ አስተኩሷቸው፣ እምቢ የሚል ካለም ለምኑት።

ቆላ ስትወርዱ ደግሞ መቀርቀሪያውን ዘይት አታጠጡት። የአፍደም አቧራ ዘይት ካገኘ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥዎት። ወንድሜ አንተም ተባረክ፣ የቁልቁሉ ነገር እኛም ላይ ደርሷል።

ጋሼ አንድ ልጨምርብዎት። ሐረር አያቴ ቤት የተመዘገበ በልጅግ አለ። ከጣሊያን ወረራ በፊት የመጣ ነው ይባላል፣ የአንበሳ ምልክት አለበት። እሱም ማውዘር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። አጎቴ «ሰደፉን ቀይራችሁ መነፅር ጫኑበት፣ አዲስ ከመግዛት ይሻላል» እያለ ነው። ምን ይላሉ?

መሣሪያ ጠጋኙ (ሐረር)

ልጄ፣ እባክህ እንዳትነካው።

አጎትህ ያለ ምክንያት አልተናገረም። በልጅግ የሚባለው ቤልጅየም ውስጥ ሊዬዥ አጠገብ ኤፍ ኤን የሠራው ማውዘር 98 ነው። በዓለም ላይ ብዙ ውድ የአደን ጠመንጃ የተሠራው በዚሁ ዓይነት አካል ላይ ነው። ነገር ግን መነፅር ለመጫን አናቱን መብሳት አለብህ፣ የመቀርቀሪያውን እጀታም ማጠፍ አለብህ፣ ካልሆነ መነፅሩን ይመታዋል። ያን ጊዜ አንበሳ ያለበት የአያት ቅርስ ጠፋ ማለት ነው። ያ ምልክት ያለበት ጠመንጃ ደግሞ አይተካም።

ለሥራም ቢሆን አልመክርህም። ጥይቱ 7.92×57 ነው። የዚህ ጥይት አረር እ.ኤ.አ. ከ1905 በኋላ ወፍሯል፣ ከ8.07 ወደ 8.20 ሚሊ ሜትር ገደማ። በልጅጉ የተሠራው ለወፍራሙ ነው። ግን ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቀጭንና ወፍራም አረሮች ገበያ ላይ ስላሉ፣ እንግዳ ለሚይዘው ጠመንጃ መሳሳቱ ጣጣ ነው። ደግሞ በድሮ የወታደር ጥይት ሲተኮስበት የኖረ በርሜል ውስጡ በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። የዚያ ዘመን ቀለህ ቂጥ ላይ ያለው መለኮሻ ጨው ይተዋል፣ በሙቅ ውኃ ካልታጠበ በአንድ ሌሊት ይበላዋል። መቀርቀሪያው ሲዘጋ ከጥይቱ ቂጥ ጋር ያለው ክፍተትም በመለኪያ ሳይታይ ማንም ሊተኩስበት አይገባም።

አሮጌ ሁሉ ጥሩ ነው የሚለውን ነገር እዚህ ከተማ ሰው ቶሎ ያምናል። ራምቦን ተመልከት፣ ሐረር ቤቱን የምናስጎበኝለት ፈረንሳዊ። ከታጁራ በግመል አስጭኖ እ.ኤ.አ. በ1887 ለምኒልክ ያደረሳቸው ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃዎች በሊዬዥና በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ነጋዴ ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጡ፣ አገልግሎታቸው ያለፈ ነበሩ። ይህን ራሱ ነው የጻፈው። ከሊዬዥ መምጣት ብቻውን ጥሩ አያደርግም። የአያትህ በልጅግ ከዚያ በጣም የተሻለ መሣሪያ ነው፣ ጡረታ መውጣቱ ግን ተገቢ ነው። ስስ ዘይት ቀብታችሁ፣ ጥይቱን ለብቻው ቆልፋችሁ አኑሩት።

ሳቢያን ሰፈር

ጋሼ፣ ስለ እርግጫው ያነሱት አሳምኖኛል። የቆሰለ ከርከሮ ወይም ነብር ቢመጣስ ብዬ ነበር .375 ያልኩት።

መሣሪያ ጠጋኙ (ሐረር)

ጥሩ ነጥብ ነው። ያ ግን የእንግዳው ሥራ አይደለም፣ የፕሮፌሽናል አዳኙ ነው። አለቃው .375 ከወደደ ለራሱ ይያዘው። እሱ ስለለመደው እርግጫው አይከብደውም።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ጋሼ፣ ለአለቃዬ ሁሉንም አነበብኩለት። .375ቱን ለራሱ ሊያደርግ፣ ለእንግዳ ደግሞ .30-06 ሊሆን ተስማምቷል። ዊንቸስተር 70 ወይም ሩገር ሆክአይ ካገኘን እንወስዳለን። መነፅሩን ስንት አጉሊ እናድርገው?

መሣሪያ ጠጋኙ (ሐረር)

ከ3 እስከ 9 የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ይበቃችኋል። ከዓይን እስከ መነፅሩ ያለው ርቀት 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፣ ሲረግጥ ቅንድብ እንዳይሰነጥቅ። ስትንቀሳቀሱ 3 ላይ አድርጋችሁ ያዙት፣ ጫካ ውስጥ ድኩላ በድንገት ሲነሳ 9 ላይ ከሆነ ቅጠል ብቻ ነው የምታዩት። ገንዘብ ከተረፈ ከጠመንጃው ይልቅ መነፅሩ ላይ ጨምሩ።

ጥይቱን ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሎት ቁጥር (አንድ ላይ የተመረቱ ጥይቶች መለያ) አንድ ዓይነት ይሁን። ሎቱ ሲቀየር ዒላማችሁን እንደገና ፈትሹ። ከድሬ ስትነሱም መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እንዲመታው አትተዉት፣ የጋለ ባሩድ ግፊቱ ይጨምራል፣ አረሩም ከለመዳችሁት ቦታ ከፍ ይላል። ከወንበር ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሂድ።