«ሆዴ ነግሮኛል» ማስረጃ ነው ወይ? የእምቦጭ ክርክር

ከፋቹ፦ ትናንት ዓባይ ማዶ ሻይ ላይ የጀመርነውን ወደ ግሩፑ አመጣሁት፤ እዚያ ያሸነፈው ድምፁ የጎላው ነበርና። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ «እምቦጭን ጣና ላይ ሆን ብሎ የጣለው ሰው አለ» የምንለው አይተን ነው ወይስ ከፍቶን? እኔ ከፍቶን ነው ባይ ነኝ። አረሙ የደቡብ አሜሪካ ነው፣ የአማዞን አገር። አበባው ስለሚያምር ሰው ለጌጥ እያለ ዓለምን አዳረሰው። ቆቃና አዋሽ ላይ እንደ ፈረንጆቹ በ1965 ታይቷል። ቪክቶሪያ ሐይቅን በ1980ዎቹ መጨረሻ ወረረው። ጣና ላይ የታወቀው በ2011፣ በእኛ 2004 አካባቢ ነው። እኛን ሊጎዳ የተነሳ ጠላት ካለ እንግዲህ በጣም ዞሮ ነው የመጣው።

ራሴንም ልክሰስ። በእኛ 2013 ጥቅምት፣ የእምቦጭ ነቀላው ዘመቻ ሰሞን፣ አረንጓዴ የለበሰ ሐይቅ ፎቶ ደረሰኝ። ደሜ ፈላ። «ጣናችን እንዲህ ሆነ» ብዬ ለሠላሳ ሰው ላክሁት። ማታ እህቴ «ከኋላ የሚታየው ተራራ የት ያለ ነው?» አለችኝ። እውነትም የጣና ተራራ አይደለም። ተራራው ስልኩን ስከፍት ጀምሮ እዚያው ነበር፤ ንዴቴ ግን አላሳየኝም።

የጣና ልጅ፦ ወንድሜ፣ ሰው ከመሬት ተነስቶ አይጠረጥርም። ስንት ዓመት ጮኸን፣ ማን ሰማን? እባብ ያየ በልጥ በረየ። ደግሞ ያ ንዴት ባይኖር ከየአገሩ ተጠራርቶ እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ የሚነቅል ሰው ታገኝ ነበር? ቁጥር ሰምቶ ውሃ የገባ አላየሁም።

ከፋቹ፦ ንዴቱ አስገባን፣ እሺ። ልጡን ግን እባብ አላደረገውም።

መምህርቷ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል። ዳማሲዮ የሚባለው የነርቭ ሐኪም ያጠናቸው ሕመምተኞች ነበሩ። ስሜትን ከውሳኔ የሚያገናኘው የአንጎላቸው ክፍል ስለተጎዳ፣ አእምሯቸው ደህና ሆኖ ሳለ ቀላሉን ነገር መወሰን አቃታቸው። ስሜት ከሌለ መነሳትም የለም ማለት ነው። በሌላ በኩል እንደ ፈረንጆቹ በ1977 አሜሪካ የተሠራ ጥናት አለ። ሰዎችን በየሁለት ሳምንቱ እየጠሩ ዓረፍተ ነገር አስነበቧቸው፤ ሰዎቹ የተደጋገመውን፣ ሐሰት ቢሆንም እንኳ፣ የበለጠ እውነት ነው አሉ። «ሆን ብለው ጣሉት» የሚለውን ስንቴ ሰማችሁት? እኔ የባጃጅ ሾፌሩን፣ የጸጉር ሠሪዬንና የአጎቴን ብቻ ብቆጥር ከአሥር ይበልጣል። ሦስቱም የሰሙት ከአንድ ቦታ ይሆናል።

ባለታንኳው፦ ልጆች፣ ሆድን አትናቁ። እኔ ደንገል ላይ ያደግሁ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሳ ሆዴ ይነግረኛል፤ መረቤን ሰብስቤ እወጣለሁ። ምን አይተህ ነው ቢሉኝ መልስ የለኝም። የውሃው ቀለም ይሁን፣ የወፎቹ ዝምታ ይሁን። አንድ ቀን እምቢ ብዬው ታንኳዬ ውሃ ጠጥቶ እየዋኘሁ ወጥቻለሁ። ይሄንንም «ስሜት ነው» ብላችሁ ልትጥሉት ነው?

መምህርቷ፦ ኧረ ጋሼ፣ የእርስዎ ሆድ ሌላ ነው! ካህነማን የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆድን ስሕተት ሲያጠና የኖረ ሰው ነው፤ ክላይን የሚባለው ሌላው ተመራማሪ ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ደመ ነፍስ ሲያደንቅ የኖረ። እንደ ፈረንጆቹ በ2009 አብረው ጽፈው የተስማሙበት ነገር አለ፦ ነገሩ ሥርዓት ያለው ሲሆንና ስሕተትህ ቶሎ የሚታወቅ ሲሆን ሆድ ይታመናል። ጣና እርስዎን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቀጣዎታል።

ከፋቹ፦ እኔ ስፈልገው የነበረው ይሄንን ነው። የተሳሳተ ፎቶ ለሠላሳ ሰው ልኬ ማን ቀጣኝ? ሃያ ሰባቱ «አይዞን» አሉኝ። እህቴ ባትኖር እስካሁን ያ ሐይቅ ጣና ነበር። የነፋሱ ሆድና የፌስቡኩ ሆድ አንድ ሰው ውስጥ ስላሉ ብቻ እኩል አይታመኑም። ይቅርታ የጣና ልጅ፣ የአንተን ቁጭት አልነካሁም።

የጣና ልጅ፦ ነክተኸዋል፣ ግን ቀጥል።

ባለታንኳው፦ እምቦጩም ቢሆን ቀጥቶናል እኮ። አንድ በጋ እኛ ዳር ያለውን ነቅለን ጨረስን። ሥሩ እንደ ጥቁር ጸጉር እጅ ላይ ይጠመጠማል፣ ክምሩ ሲበሰብስ የሚሸተውን አልነግራችሁም። ክረምት አልፎ ስንመለስ ያው ቦታ አረንጓዴ ሆኗል። ጓደኞቼ «ሌሊት መጥተው ጣሉት» አሉ። እኔ ግን ያኔ ነው «ማን ጣለው» ማለቴን የተውኩት። ሌሊት እዚያው አድር ነበራ።

መምህርቷ፦ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ከተመቸው ደግሞ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። መገጭ፣ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከማሳው አፈርና ማዳበሪያ ጠርገው ሲያመጡለት ለምን አይመቸውም?

የጣና ልጅ፦ ጋሼ፣ ለጓደኞችዎ ይሄን ነገሯቸው?

ባለታንኳው፦ ነገርኳቸው። ጭቃውን ዝቄ ቡቃያውን አሳየኋቸው። አንዱ ዝም አለ። አንዱ ቡቃያውን አገላብጦ አየና «እዩት፣ ዘሩንም ቀብረውታል» አለ።