ያልታሰበ ጉዞ ሰውን ያበስላል ወይስ ወሬ ማድመቂያ ነው?

ጠያቂ፦ ባለማስታወሻው
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሒሳብ ሥራ የምተዳደር፣ ከቤት ስወጣ የምመለስበትን ሰዓት ሳይቀር ጽፌ የምወጣ ሰው ነኝ። ባለፈው ወር ድሬዳዋ ላይ የነበረን ስብሰባ በድንገት ለሁለት ቀን ሲራዘም ባልደረባዬ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሐረር ሄደ፤ እኔ ሆቴል ውስጥ ቴሌቪዥን ሳይ ሰነበትኩ። እርሱ እስከ ዛሬ ወሬው አላለቀለትም። እንዲህ ያለ ጉዞ በእርግጥ ሰውን ይለውጣል?

የደንገጎ መንገደኛ
ወንድሜ፣ እኔም ከዓመታት በፊት በዚያው መንገድ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቼ፣ በአወዳይ የጫት ገበያ ግርግር አልፌ ሐረር ገብቻለሁ። በግንብ የታጠረው የሐረር ጥንታዊ ከተማ ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች እንዳሉት፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ አውቅ ነበር፤ ጠባብ መተላለፊያዎቹ ሲቆላለፉብኝ ግን ያ እውቀት አንድ እርምጃ አላራመደኝም። ደጃፋቸው ላይ የተቀመጡ እናት መንገድ ብጠይቃቸው ወደ ቤት አስገቡኝ። ጫማዬን አውልቄ ስገባ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል፤ መደቦቹ ከፍና ዝቅ ያሉ፣ እያንዳንዳቸውም የተለየ ተቀማጭ ያላቸው ናቸው። የቱ የእኔ እንደሆነ ስላላወቅሁ ቆሜ ቀረሁ፤ እርሳቸውም ሳቅ ብለው ቦታዬን አመለከቱኝ። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ሁሉን አውቃለሁ ብዬ ለምኮፈስ ሰው፣ የት እንደሚቀመጥ እንኳ መጠየቅ ግድ ሲሆንበት ማየት ቀላል አልነበረም። አስጎብኚ ይዤ ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ ይነግረኝ ስለነበር፣ ያችን እፍረት አላገኛትም ነበር።

ሻንጣዬ
ታሪኩ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ከመሸ በኋላ ማደሪያ መፈለግ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ በአንድ ወቅት መታወቂያዬን ረስቼ በመሳፈሬ ኬላ ላይ ወርጄ ግማሽ ቀን ቆሜያለሁ፤ ያተረፍኩት ራስ ምታት እንጂ ብስለት አልነበረም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሹፌሮችን ሳይጠይቁ መነሳትም ድፍረት አይባልም። የመመለሻ ሒሳብን ለይቶ መያዝ፣ ማደሪያን በቀን መጨረስ፣ ለቤተሰብ መናገር ይገባል፤ የቀረውን መንገዱ ይወስነው። በነገራችን ላይ፣ ባልደረባዎ ከግንቡ ውጭ ሰዎች ጅብ ሲመግቡ አይቶ ከሆነ ወሬው ባያልቅለት አይፈረድበትም።

ባለማስታወሻው
አመሰግናለሁ። አይቷል፤ ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አድርጎ እንዳጎረሰው በየቀኑ ይነግረናል። በሚቀጥለው ወር ድጋሚ ወደ ድሬዳዋ ስለምንሄድ የሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። በማስታወሻዬ ላይ ለእነዚያ ቀናት የሰፈረው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «መታወቂያ»።