ፒሲኤው ሁሉንም ምግብ አንድ ኮምፖነንት ውስጥ ሰበሰበብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 600 ጎልማሶች የሞሉት፣ 74 ምግቦች ያሉበት የምግብ ድግግሞሽ መጠይቅ አለኝ። የአመጋገብ ዘይቤ ለማውጣት በኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ፒሲኤ (ብዙ ምግቦችን አብረው በሚለዋወጡ ጥቂት ጥምሮች፣ ማለትም በኮምፖነንቶች፣ የሚያጠቃልል ዘዴ) ስሠራ፣ የመጀመሪያው ኮምፖነንት ላይ ሁሉም ምግብ ማለት ይቻላል ፖዘቲቭ ሎዲንግ (ምግቡ ከኮምፖነንቱ ጋር ያለው ትስስር) አለው። አይገንቫልዩአቸው (የሚያብራሩት የልዩነት መጠን) ከ1 በላይ የሆኑት ኮምፖነንቶች 23 ናቸው። እንጀራ ደግሞ የትም አልገባም። ስንቱን ልያዝ? ወይስ ወደ ኬ-ሚንስ (ተመሳሳይ ሰዎችን በቡድን የሚመድብ ዘዴ) ልሂድ?

ሥነምግብ፦
ዘዴ ከመቀየርዎ በፊት ዳታውን ያስተካክሉ። ያ ኮምፖነንት የሚያሳየው ማን ብዙ እንደሚበላ እንጂ ምን እንደሚበላ አይደለም። መጀመሪያ የመጠይቁን ምርጫዎች በቀን ስንት ጊዜ ወደሚል ቁጥር ይለውጡ፦ “በሳምንት ከ2–4 ጊዜ” 3 ሲካፈል ለ7፣ ማለትም 0.43 ነው። ኮዱን 1፣ 2፣ 3 እያሉ እንዳለ ማስገባት ውጤቱን ያዛባል። በአንድ ጊዜ በሚበላው ግራም አባዝተው ምግቦቹን ወደ 25 ወይም 30 ቡድን ይሰብስቡ። ከዚያ እያንዳንዱን ቡድን በጠቅላላ ካሎሪ ላይ ሪግረስ አድርገው ሬሲዱዋሉን (በካሎሪ ያልተብራራውን ቀሪ) ያስገቡ።

ሽንኩርት፣ ዘይትና በርበሬ ለየብቻ ተጠይቀው ከሆነ ይጠንቀቁ። አንድ ድስት ውስጥ ስለሚገቡ አብረው ይወጣሉ፤ የሚያገኙት “ዘይቤ” የወጥ አሠራር እንጂ የሰው ምርጫ አይሆንም። እንጀራ የቀረው ሁሉም በየቀኑ ስለሚበላው ነው፤ ልዩነት ከሌለ ሎዲንግ የለም። የጤፍ፣ የማሽላና የቅልቅል ብለው መለየት ከቻሉ ይለዩት።

ባዮስታት፦
“አይገንቫልዩ ከ1 በላይ” የሚለው መስፈርት ብዙ ጊዜ የኮምፖነንቶቹን ቁጥር ያበዛል። ፓራለል አናሊሲስ ይሥሩ፦ በሰውም በምግብ ቡድንም ቁጥር ከዳታዎ ጋር እኩል የሆነ የዘፈቀደ ዳታ ደጋግሞ ይፈጥራል፤ አይገንቫልዩው ከዘፈቀደው ዳታ 95ኛ ፐርሰንታይል የሚበልጠውን ኮምፖነንት ብቻ ይያዙ። ቫሪማክስ (ሎዲንጎቹን ለማንበብ ቀላል የሚያደርግ ማዞሪያ) ከዚያ በኋላ ነው። ናሙናውን ለሁለት ከፍለው ሲደግሙት የማይመለስ ኮምፖነንት ከሆነ ስም አይስጡት።

ኬ-ሚንስ ማምለጫ አይደለም፤ ሰዎችን ነው የሚመድበው። ስታንዳርዳይዝ ካልተደረገ (ሁሉም ምግብ ወደ አንድ መለኪያ ካልመጣ) በግራም ከባድ የሆነው ምግብ ይመራዋል፤ ሥጋ አብዝተው የሚበሉ ጥቂት ሰዎችም ብቻቸውን አንድ ክላስተር (ምድብ) ሊሆኑ ይችላሉ።

የመስክ ዳታ፦
መረጃው የተሰበሰበው መቼ ነው? እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ይህንን ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ውስጥ “ባለፈው ወር” ብለው ከጠየቁ፣ የሚጾመው ሰው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ወደ ዜሮ ይወርዳል። ያኔ የሚወጣው የጾምና የፍስክ ልዩነት ነው፤ የዓመቱ አመጋገብ አይደለም። የጾምና የፍስክ ለየብቻ ተጠይቆ ከሆነ በቀናት ይመዝኑት፦ ከረጃጅም አጽዋማትና ከበዓለ ሃምሳ ውጭ ከሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ ሲወጡ 5 ቀን ይቀራል፤ “በፍስክ ቀን 1 ብርጭቆ ወተት” በቀን 0.71 ነው። ካልተጠየቀ፣ የሚጾሙትንና የማይጾሙትን ለይተው ፒሲኤውን ይድገሙና ሎዲንጎቹን ያነጻጽሩ። ካልተመሳሰሉ በአንድ ላይ አያቅርቧቸው።